ያልጎበጠው ሰይፍ

ዝናብ ሳይጠፋ የኑዋር ሐይቅ ሸሸ። ውሃው ከዳር ወደ መሐል እያፈገፈገ ሄዶ ሄዶ፣ የኬልዶር ሕዝብ ጉሮሮው በደረቀበት ሰሞን፣ በመግነዝ ጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ሰይፍ በባዶው ዳርቻ ተተፍቶ ተገኘ።

በኬልዶር ተዋጊ ሲሞት ሰይፉም አብሮት ይሞታል። እህቱ ብቻዋን ሆና ብረቱን በእሳት አግላ ታጎብጠዋለች፤ ገንዛም ለሐይቁ ትሰጠዋለች። ሰይፉ ያልጎበጠለት ሟች ወደ ሙታን አገር አይሻገርም፤ ሐይቁም ይቆጣል።

ሞርያ የእንጨቱን ሰይፍ ገና ስታየው አወቀችው። ወጣቶች የጥንት ጀግኖችን ካባ ለብሰው በሚፋለሙበት በዓል ወንድሟ ካድራን የሚይዘው ነበር። ከእሷ ጋር ሲፋለም ሁልጊዜ ሆን ብሎ ይወድቅላት ነበር፤ «ሞትኩ! ኧረ ቀብሬን አሳምሩልኝ!» እያለ ሰዉን በሳቅ ይገድል ነበር። በድንበሩ ውጊያ የእውነቱን ሲወድቅ፣ ሞርያ ብረቱን እሳት ውስጥ ልትከት ብላ እጀታውን አየች። የአውራ ጣቱ ቦታ ቆዳው ላይ ሰርጉዶ ነበር። አልቻለችም። በብረቱ ፈንታ እንጨቱን ገነዘች።

«ብረቱ የት ነው፣ ልጄ?» አሏት አንጥረኛው አባ ዱርጋን።

«አልጋዬ ሥር።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። መዶሻና የከሰል ማሰሮ አነሱ። «በይ አምጪው። እስከ ውሃው መንገዱ ሩቅ ነው።»

«በኑዋር ውሃ እምላለሁ፤» አለች ሞርያ፤ «ሳላደርሰው አልመለስም!»

በተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ ተጉዘው የመጨረሻው ውሃ ጋ ሲደርሱ፣ ያልተሻገሩ ሙታንን የሚጠብቀው የጭጋግ ዘንዶ ተነሣ፤ በአባ ዱርጋንም ላይ ተጠመጠመ። ሞርያ ሰይፉን መዘዘች። ሰነዘረች፤ ሳተች።

«ክንድሽን ከፍ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ እህትዓለም?»

ድምፁን ታውቀዋለች። ክንዷን ከፍ አድርጋ መታች። ዘንዶው ተበተነ፤ ሽማግሌው ወደቁ፤ ጭጋጉ በተገለጠበት ካድራን ቆሞ ነበር።

«እዚሁ ቆይ፣ ወንድምዓለም፤» አለች። «በየቀኑ እመጣለሁ። ሰይፉን ማንም አይነካብህም።»

ካድራን በሕይወቱ ስለ ራሱ አማርሮ አያውቅም።

«እዚህ ይበርደኛል፤» አለ።

ሞርያ ወደ ከሰሉ ማሰሮ ዞረች። አባ ዱርጋን ከወደቁበት ተነሥተው ከሰሉን አቀጣጠሉ፤ እንደ ወጉም ብቻዋን ትተዋት ፈቀቅ አሉ። ብረቱ ሲግል በድንጋይ ላይ አጋድማ ቀጠቀጠችው። እንባዋ በጋለው ብረት ላይ ቸስ እያለ ይደርቃል። ሰይፉ ሲጎብጥ ቀና አለች፤ ጭጋጉ ውስጥ ማንም የለም።

የጎበጠውን ብረት ገንዛ ወደ ውሃው ወረወረችው፤ እዚያውም ተቀመጠች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን ነካ። ከዳርቻው የሕዝቡ እልልታ ተሰማ።

«ውሃው መጣ፣ ልጄ! ተነሺ እንጂ!» አባ ዱርጋን ክንዷን ይዘው ጎተቷት።

በዓሉ ሲመጣ ሞርያ የካድራንን ካባ ለብሳ፣ የእንጨቱን ሰይፍ ይዛ ወጣች። ተፋላሚዋ ገና ሳትነካት ሞርያ ሆን ብላ ወደቀች።

«ሞትኩ! ኧረ ቀብሬን አሳምሩልኝ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ፣ ካባውን ፊቷ ላይ ስባ፣ ከመሬት አልተነሣችም።