ዜሮ ያልኩት አስከሬን

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። "ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደልማዳችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ተንጫጩ። እናንተን ለማሳመን ብዬ አንዲት ቃል አልጨምርም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ጨለማ የለም፣ መብራት አልጠፋም። ፀሐይዋ በአስከሬን ክፍሉ ረጃጅም መስኮቶች ገብታ የብረት ጠረጴዛዎቹ ላይ ታበራለች።

የሦስተኛ ዓመት የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የሕክምና ማሽን ሠሪ ማለት ነው። አናቶሚ ግን ግዴታ ነው ተባልን።

ሁለት መቶ ስድስት አጥንት መሸምደድ ለበቀቀን እንጂ ለመሐንዲስ አይመጥንም እያልኩ ከክፍል እቀር ነበር። ልብ ራሱ ምንድን ነው? ፓምፕ። ያውም መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ፓምፕ።

አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። አስተማሪያችን ዶክተሯ ድጋሚ ከጣለችኝ እባረራለሁ።

የዚያን ቀን እስከ ስድስት ሰዓት የልብ ምት ከሚመዘግበው ማሽን፣ ከኢሲጂ፣ የወጡ ሁለት ወረቀቶች ማስረከብ ነበረብን። አንዱ የሕያው ሰው የልብ ምት። ሌላው ማሽኑ ምንም በማያነብበት ጊዜ የሚያወጣው ቀጥ ያለ መስመር። ለእሱ ሦስቱን ገመዶች እርስ በርስ አገናኙ ይላል መመሪያው።

የሰነፍ ዘዴ።

"አስከሬን ላይ እንሰካው" አልኩ። "ከሞተ ሰው የበለጠ ዜሮ ከየት ይመጣል?"

አብራኝ የምትሠራዋን ልጅ "ደብተር" እንላታለን። ዶክተሯ ብታስነጥስ እንኳ ትጽፋለች።

"ተው... ይቅርብን" አለች በሹክሹክታ።

"ፈሪ።"

የክፍሉ ሠራተኛ ጋሼ በሩ ጋ ባልዲ ያጥባሉ። ሃያ ዓመት ከሬሳ ጋር ኖረው እሳቸውም መስለውታል።

"ልጄ፣ የናቁት ያስረግዛል" አሉኝ።

"እኔን?" ብዬ ሳቅኩባቸው።

ቅርቤ ወዳለው አስከሬን ሄድኩ። ከደረቱ ላይ አንሶላውን አላነሳሁም። ምን ልሠራ? ሁለቱን የእጅ አንጓዎቹንና አንድ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ገልጬ ጀል ቀባሁ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ።

መስመሩ ቀጥ አለ።

"አየሽ?"

... ቲት።

አንዲት ጉብታ።

"የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው" አልኩና ማጣሪያውን ከፈትኩ።

... ቲት።

የኤሌክትሪክ ረብሻ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይሄ በደቂቃ ሠላሳ አራት ነው። የረጋ... ያልቸኮለ።

ገመድ ቀየርኩ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ በባትሪ አስኬድኩት።

ያው ነው።

"አንተ... ጀሉን እየው" አለች ደብተር።

ከእጅ አንጓው ላይ ቀልጦ ይንጠባጠባል። እንዲህ የሚሆነው የሞቀ ቆዳ ላይ ሲቀባ ነው።

ፈራሁ? አዎ። ግን ከፍርሃቴ ንዴቴ ይብሳል። አንድ ደረቅ ሬሳ ሪፖርቴን ሊያበላሽብኝ!

ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

"አንተ ርካሽ ፓምፕ... አርፈህ ተኛ።"

ሠላሳ አራት... አርባ ስድስት... ሰባ ሁለት።

ደብተር እስክሪብቶዋን ጣለች። ጋሼ ባልዲያቸውን ትተው መጡ። ስክሪኑን አዩት።

"ማን ላይ ነው የሰካችሁት?"

"እሱ ላይ።"

አንሶላውን እስከ ወገቡ ገፈፉት።

ደረቱ ክፍት ነው። ከጎድን አጥንቶቹ ጀርባ ጡጫ የሚያህል ባዶ ቦታ...

"ልቡን ካወጣነው አራት ወር ሆነው" አሉ። "ሁላችሁም ቆማችሁ አይታችኋል እኮ።"

እኔ አላየሁም። ያን ቀን ዶርም ተኝቼ ነበር።

... ቲት።

ገመዶቹን መንጭቄ ማሽኑን እንደታቀፍኩ ወጣሁ። ቢሆንም ሪፖርቱ መግባት አለበት፤ መባረር ቀልድ አይደለም። ሌላ ክፍል ገብቼ እንደ ሰነፎቹ ገመዶቹን አገናኘሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ተመስገን።

ደብተር ገመዱን በጣቷ አልነካም ስላለች ሕያው ሰው መሆን በእኔ ላይ ወደቀ። ራሴ ላይ ሰካሁት። ወረቀቱን ሳላየው ቀድጄ ለስድስት ሰዓት አሥር ሲቀረው ዶክተሯ ቢሮ ደረስኩ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ።"

"ማሽኑ ላይ የተሰካኸው ብቻህን ነበርክ?"

"አዎ... ምነው?"

"መቶ አሥር የሚመታ አለ። ያንተ ይሆናል።" ጣቷን ዝቅ አደረገች። "ከሥሩ ሌላ አለ። ሠላሳ አራት።"

"ማሽኑ ነው" አልኩ። "ውጤቴስ?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውጤቴን ነው የምጠይቀው። ከእኔ የባሰ ጅል አይቼ አላውቅም።

"ሸሚዝህን ክፈት።"

ማዳመጫዋን ግራ ደረቴ ላይ አሳረፈችው። ጥቂት ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ አሻገረችው።

እዚያ ቆየች... በጣም ቆየች።

ቀና ስትል እኔን አላየችኝም። ከትከሻዬ ባሻገር በሩን ነው ያየችው።

ዞር አልኩ።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። ማንም ሳይጠራቸው... የአስከሬን ክፍሉን ጓንት እያጠለቁ ነበር።