የውሃ ዳሳሿ እግር

የቃጠሎ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ዛርማት በሚባለው የባሕር ዳር መንግሥት፣ የኦልበን ከተማ ጉድጓድ ጨው ጨው አለ። መጀመሪያ የቀመሱት ሴቶች ጥፋቱን በእንስራቸው ላይ አሳበው እንስራቸውን አጠቡ። በማግስቱ ግን በቅሎዎቹ አንጠጣም አሉ፤ ያኔ ሰው ሁሉ አመነ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። ኦልበን የምትጠጣው በአንድ ዕንቁ ቸርነት ነበር። ጭብጥ የሚያህል፣ ዝናብ ያዘለ ደመና የሚመስል ዕንቁ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ እስካለ ድረስ የባሕሩ ጨው ወደ ውሃው አይደርስም። በየዓመቱ በቃጠሎ ወር መባቻ ንግሥት አርዳሚት በብር ሰንሰለት አስራ ታወጣውና ሦስት ጊዜ በባሕር ታጠምቀዋለች። ዘንድሮ በሦስተኛው ጥምቀት ጎርማን ከሥር መጣና ዕንቁውን ውጦ ሰንሰለቱን ከእጇ መነጨቃት። ጎርማን ሦስት ጀልባ የሚረዝም፣ ቅርፊቱ የመዳብ ሳህን የሚያህል፣ ሲቆጣ ሆዱን እንደ ነጋሪት የሚያስጮህ ዓሣ ነው። የኦልበን ሰዎች እስከዚያ ቀን ድረስ የሕፃናት ማስፈራሪያ ይመስላቸው ነበር።

ሊቃውንቱ የድሮ ብራና ገልጠው ቁርጡን ተናገሩ። ዕንቁው በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተመለሰ ጉድጓዱ ለዘላለም ጨው ሆኖ ይቀራል፣ ከተማይቱም ትፈታለች።

ንግሥቲቱ ሃምሳ ጀልባ አሰማራች። ጀልባዎቹ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ ጥልቁ ይቀዝፋሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሳሉ። የዛርማት ዓሣ አጥማጆች በቃጠሎ ወር ትልቅ ዓሣ ወደ ጥልቁ ይሸሻል ብለው ከአባት ከአያት ሲማሩ ኖረዋል፤ በቀትርም ባሕር የሚወርድ ሰው እንደ እብድ ይቆጠራል። ዐሥር ቀን ሙሉ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ትምህርታቸውን ግን አልጠረጠሩም።

የጠረጠረችው ሲዋና ናት። ሲዋና የሃያ ዓመት ወጣት፣ ከውሃ ዳሳሾች ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ሴት ነበረች። ውሃ ዳሳሽ ጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ባሕር ውስጥ ይሰድዳል፤ በሞቀው ውሃ መካከል እንደ ክር ቀጥና የምታልፈውን ቅዝቃዜ በውስጥ እግሩ ለይቶ፣ ዓሣ ያለበትን ይናገራል። ውስጥ እግር ከደነደነ ግን ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ በቃጠሎ ወር ውሃ ዳሳሽ መሬት አይረግጥም፤ ዘመድ በጀርባው ያዝለዋል። ሲዋናን ዐሥራ ሁለት በጋ ያዘላት የእናቷ ወንድም ሀርጎ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ገበያ መካከል በአጎቷ ጀርባ ስታልፍ መሳቂያ መሆኗ አልቀረም፤ እሷ ግን ግድ አልነበራትም። እግሯን ባሕር ውስጥ ስትሰድድ የሚሰማትን ደስታ በምንም አትለውጠውም ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሀርጎ አዝሏት ዙፋኑ ፊት ቀረበ። ሲዋና ከጀርባው ሳትወርድ እጅ ነሣች፤ ለዚህ ልዩ ፈቃድ ነበራቸው።

«ንግሥት ሆይ፣ ጎርማን ጥልቁ ውስጥ የለም» አለች። «ዐሥር ቀን እግሬን ሰድጄ ፈልጌዋለሁ፤ ያገኘሁት ሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ሰው ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል እንጂ አገር ለቅቆ አይሄድም። ዓሣውም እዚሁ ዳርቻችን ላይ አንድ ቀዝቃዛ ጓዳ አግኝቷል። በቀትር የምወጣበት ጀልባ ይሰጠኝ፤ ውሃው በጣም ሲግል ከጓዳው አይወጣምና። ዋሽቼ እንደሆነ ውሃ ይካደኝ።»

የአጥማጆቹ አለቃ ፈገግ አለ። ንግሥቲቱ ግን ፈገግታውን አይታ ዝም አሰኘችው። ቀጥላም ከጋሻ ጃግሬዎቿ መካከል ደርባን የተባለውን ጦረኛ ጠርታ አብሯት እንዲሄድ አዘዘች። ደርባን መሬት የማትረግጥ ሴት መከተሉ ብዙም ደስ አላለውም፤ ነገር ግን ጦሩን ሳመ፣ ዕንቁውን ሳይዝ እንደማይመለስም ማለ።

በመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ ሦስቱ ከከተማው ውጭ ካለው የጨው ሜዳ ማዶ ባለው ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ይቀዝፉ ነበር። ውሃው ሾርባ ሆኗል። ሀርጎ መቅዘፊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል፣ ደርባን ራስ ቁሩን አውልቆ ጥሏል። ሲዋና በመጀመሪያ ያየችው ትንንሾቹን ዓሣዎች ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አለት አዙረው ቆመዋል። እግሯን ወደዚያው ሰደደች። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያም ሙቀት፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን የታከከች አንዲት ቀዝቃዛ ክር አገኘች።

«ከአለቱ ሥር ምንጭ አለ» አለች በሹክሹክታ። ይኸው ምንጭ የኦልበንን ጉድጓድ የሚመግበው ውሃ ነበር፤ በምድር ውስጥ መጥቶ ባሕር ውስጥ ይፈስሳል። ጎርማንም እዚያው፣ ሰው ቆሞ ከሚደርስበት ውሃ ውስጥ፣ ራሱን ስንጥቁ ውስጥ ቀብሮ ተኝቶ ነበር። የብር ሰንሰለቱ ጫፍ ከስንጥቁ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ደርባን ጦሩን ወረወረ፣ በጦሩ የታሰረውንም ገመድ በአለቱ ላይ ጠመጠመው። ባሕሩ በነጋሪት ድምፅ ተሞላ። ዓሣው ወደ ጥልቁ መሸሽ ይችል ነበር፤ ያቺን ቅዝቃዜ መልቀቅ ግን አልሆነለትም። በጅራቱ አንድ ጊዜ ሲመታ ጀልባው ለሁለት ተከፈለ፣ በሁለተኛው የደርባን ጭን ተሰበረ። ደርባን ገመዱን አልለቀቀም። ሲዋና ጠልቃ ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን በዓሣው ጉንጭ ላይ አስደግፋ ሳበች። ከብዙ ትግል በኋላ ዕንቁው ወጣ። ሀርጎ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው፤ ጎርማንም ወደ ስንጥቁ ተመልሶ ተኛ።

ሦስቱ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። በእነርሱና በኦልበን መካከል ያለው የጨው ሜዳ ነው፤ በዚህ ወር እንቁላል ቢጥሉበት የሚበስልበት ሜዳ። ደርባን መቆም አልቻለም። ሀርጎ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

«አጎቴ፣ እርስዎ እኔን አዝለው ሲደርሱ ይመሻል» አለችው።

«ዕንቁውን ስጪኝና እኔ ልሩጥ።»

«ስድሳ ዓመትዎ ነው።»

ሀርጎ ይህን ያውቀዋል። «ልጄ፣ ከአንቺ በኋላ ማንም የለንም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ያ እግር ያንቺ ብቻ አይደለም። የእናትሽም ነው፣ የእናቷም ነው።»

ሲዋና ፈርታ ነበር፤ እንዳይታይባትም አልሞከረችም። ቀሚሷን ቀድዳ እግሯን ጠመጠመች፣ ሰንሰለቱን አንገቷ ላይ አሰረች፣ ከዚያም ሮጠች። ጨርቁ ከሜዳው ሲሶ አላለፈም። ከዚያ በኋላ ባዶ እግሯን ነበር። መጀመሪያ ጮኸች፤ የሚሰማት ሰው ስላልነበረ ጩኸቱን ተወችና ርምጃዋን መቁጠር ጀመረች። ቁጥሩ ሲጠፋባት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ከሜዳው ግማሽ በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ ሄደ፤ ያስለቀሳትም ይኸው ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለችና።

ፀሐይ ባሕሩን ስትነካ ዕንቁው ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ንግሥቲቱ ራሷ ቀድታ ቀመሰች፣ በቅሎዎቹም ቀመሱ፤ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። መሽቶ ችቦ ከበራ በኋላ አርዳሚት የጀግናዋን እግር በገዛ እጇ ልታጥብ ተንበረከከች።

ሀርጎ ደርባንን አዝሎ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ቁስለኛውን ለሐኪሞቹ አስረከበና ሕዝቡን ገፍቶ ቀረበ፤ ገንቦውንም ያለ ፈቃድ ከንግሥቲቱ እጅ ወሰደ። ማንም አልከለከለውም። ከአዲሱ ጣፋጭ ውሃ በተቃጠለው እግሯ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ሲዋና ውሃው በውስጥ እግሯ ሲወርድ በዓይኗ ተከተለችው።

«አጎቴ» አለች፣ «ቀዝቃዛ ነው?»

ሀርጎ እጁን ገንቦው ውስጥ ነከረ።

«ቀዝቃዛ ነው፣ ልጄ» አላት።