ያመለጠው ትምህርት

አሰልጣኝ ተስፋጽዮን ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈርክሶ ተገኙ። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተቀዷል። በሰማንያ ዘጠኝ ክረምት፣ ከአትላስ ጀርባ በተከራዩት ፎቅ ቤት፣ ለአየር መንገዱ ዕቃ የሚያቀርቡ ነጋዴዎችን ያሠለጥኑ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪውን እንደ ሥራው፣ ልብስ አጣቢዋን እንደ ሥራዋ። እሳቸው ያላሳለፉት ነጋዴ ቦሌ ግቢ ዕቃ አያስገባም።

መርማሪ ፈለቀች እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች፤ እግሯም አብጧል። የመማሪያ ክፍሉን አሽጋ ሦስቱን ሠልጣኞች በረንዳ ላይ አናገረች።

«ትናንት መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፤ ጥያቄ ነበረኝ። ስወጣ ደህና ነበሩ» አለች የአውሮፕላን ብርድ ልብስ የምታጥበው ሃረገወይን።

«እሷው ናት፤ እንውሰዳት» አለ ሳጅን ላጲሶ።

«ኧረ የሚጠባ ልጅ ቤት ትቼ ነው የመጣሁት! እርስዎም ሴት ነዎት!»

ፈለቀች የፍራፍሬ ነጋዴውን ሱሌማንን ሌሎቹ ወደማይሰሙበት የበረንዳው ጥግ ወሰደችው።

«ትናንት ከምሳ በኋላማ አሰልጣኙ ጉድ አመጡብን» አለ። «ብሎን ይጥላሉ፣ እኛ እንለቅማለን። የወደቀች ብሎን ሞተር ውስጥ ከገባች አውሮፕላን ታወርዳለች ብለው። እኔ የብርቱካን ነጋዴ! ወገቤ ተቆረጠ።»

«የለቀማችሁትን የት አደረጋችሁት?»

«በዚያው ሰዓት ከቤታቸው የወተት ዱቄት ጣሳ አምጥተው ከበሩ ጀርባ አስቀመጡ። እሱ ውስጥ ነዋ።»

ቀጥሎ ለብቻው የተጠራው የዳቦ ጋጋሪው የመኩሪያ መልስ አጭር ነበር። «እኔ ከምሳ በፊት ገርጂ ዳቦ ቤቴ ሄጃለሁ። አልተመለስኩም።»

ፈለቀች ሁሉንም ወደ ፎቅ ይዛ ወጣች። እሽጉን ቀዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሁሉም ሲገቡ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን አንስታ፣ እንዳመለጣት ሰው፣ ጣለችው።

«አሁንስ በቃኝ!» ብሎ ሱሌማን ፊቱን አዞረ። ሃረገወይን እያለቀሰች ስለነበር አላየችም። መኩሪያ ግን ጎንበስ ብሎ አነሳትና፣ ዓይኑን እንኳ ሳይልክ፣ እጁን ወደ በሩ ጀርባ ሰደደ። ጣሳው ቃ አለ።

«ማን አሳየህ?» አለች ፈለቀች።

«ምኑን?»

«ጣሳውን። የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ አንተ ከምሳ በፊት ሄጃለሁ ብለሃል። ሱሌማን ስለ ጣሳው የነገረኝ ለብቻዬ ነው። ዛሬ ክፍሉ ታሽጎ ነው የዋለው፤ አሁንም በሩ ከልሎታል። እነዚህ ሁለቱ ሳሉ ብትመጣ ኖሮ ያዩህ ነበር። ስለዚህ የመጣኸው ሃረገወይን ከወጣች በኋላ ነው። ሰውየው ያመለጠህን ትምህርት ለብቻህ አስተማሩህ። ደግሞ አዳልጦት የወደቀ ሰው ኮሌታው አይቀደድም። ፊት ለፊት አንቀህ ገፍተሃቸዋል።»

መኩሪያ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«ዳቦ ቤቴ መጥተው አይጥ አይተው ነበር። ለመንኳቸው። ‹ትምህርቱን ተማር፣ ዳቦህን ግን አላሳልፍም› አሉኝ። ደረጃው ድረስ ተከተልኳቸው... ልገድላቸው አላሰብኩም።»

ሃረገወይን እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«እኔን ሊወስዱኝ ሲሉ ቆመህ ታይ ነበር እኮ።»

«ማስረጃ የለም፣ ይለቋታል ብዬ ነው።»

«መቼ? ጡቴ ከደረቀ በኋላ?»

ሳጅን ላጲሶ የመኩሪያን ክንድ ይዞ አስነሳው።

«ሂጂ» አለቻት ፈለቀች፣ «ልጅሽን አጥቢ።»