ምላስ የሌለው አኮርዲዮን

ጦርነቱ ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሲቀረው፣ በወንዙ ዳር ያለው የጭፈራ አዳራሽ በሩን የሚከፍተው ከቀትር በኋላ ነበር፤ የሰዓት እላፊው ዐዋጅ ገና አልተነሣምና ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨፍሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እቤቱ መግባት ነበረበት። ጣሪያው በጥይት ተበሳስቶ ስለ ነበር ብርሃኑ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት በጨፋሪው ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ከመድረኩ ላይ ደግሞ የወታደር ኮቱን ያላወለቀ አንድ ጎልማሳ፣ የሚያብረቀርቅ አኮርዲዮን ታቅፎ፣ ወናፉን ሲስብና ሲገፋ፣ ጣቶቹም በቁልፎቹ ላይ ሲሯሯጡ ይታያል። ሕዝቡ «ጣተ ወርቅ» ይለዋል። ከጀርባው ከባድ ቀይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ፣ የተሰበረ ወንበር በሚከመርበት ጥግ፣ ታላቅ እህቱ አንድ ያረጀ አኮርዲዮን ታቅፋ ተቀምጣለች። የምትጫወተው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባታቸው አኮርዲዮን ጠጋኝ ነበሩና ሁለቱንም ልጆቻቸውን እኩል አስተምረው ሞቱ፤ ልጅየው ዘምቶ፣ መድፍ ጆሮው ሥር ፈንድቶበት፣ በደረቱ ላይ ኒሻን፣ በጆሮው ውስጥ የማይቆም ጩኸት ይዞ ተመለሰ። ከንፈር አይቶ ይረዳል እንጂ አይሰማም። የአዳራሹ ባለቤት ጀግናውን ሊቀጥር ቤት ድረስ ሲመጣ፣ ጓዳው ባዶ ነበርና እናትየው እምቢ ለማለት አቅም አጡ።

«ልጄ ጆሮው አልዳነም፤ እህቱ ብትጫወትልዎትስ?» አሉት።

«ሴት ያን የሚያህል ሣጥን ታቅፋ መድረክ ላይ? ሊጨፍር የመጣ ሰው ሲያማ ይመሽበታል፤» አለ ባለቤቱ። ጥቂት አሰበና፣ «መጋረጃ ግን አለኝ፤» አለ።

መድረኩ ላይ የሚያምረው ነው የሚታየው ስለ ተባለ፣ ልጅቷ የሚያብረቀርቀውን አኮርዲዮን በገዛ እጇ ፈታች፤ ወንድሟ ሲነካው እንዳይጮህ፣ ድምፅ የሚሰጡትን ትናንሽ የብረት ምላሶች ነቅላ በጨርቅ ከረጢት ቋጠረችና፣ ባዶውን ሣጥን ለወንድሟ ሰጠችው። እሷ ከአባታቸው የጥገና ሱቅ አሮጌውን ወሰደች። ምቱን ወለሉን በእግሯ እየረገጠች ታሳውቀዋለች፤ ሳንቃው ሲንቀጠቀጥ ከጫማው ሥር ይታወቀዋል። የአሮጌው ወናፍ ግን የተጣፈ በመሆኑ ረጅም ትንፋሽ አይይዝም ነበር፤ እሷም ሲቸግራት ትንፋሹን ቆራርጣ አጭር አጭር መሳብ ጀመረች። ከዚህም ማንም ሰምቶት የማያውቅ የሚንቀጠቀጥ አጨዋወት ወጣ። ከዚያ በፊት አኮርዲዮን ዘፋኙን ተከትሎ የሚያዘግም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ አኮርዲዮኑን ይከተል ጀመር፤ ወጣቱም ጫማውን እስኪጨርስ ጨፈረ።

«ጣተ ወርቅ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው ሲጮሁለት ዘወር አይልም።

«ኮራ እኮ።»

«ይኩራ ተወው። እኔ እንዲህ ብችል እናቴንም ሰላም አልል።»

እሷ ከመጋረጃው ኋላ ይህን እየሰማች ትሥቅ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት።

መጫወት በጀመሩ በአራተኛው ዓመት መንግሥት የራዲዮ ጣቢያ ሊከፍት ሆነ፤ ጣቢያው በየማለዳው የሚከፈትበት ዜማም በሸክላ እንዲቀረጽ ታዘዘ። ጣተ ወርቅ ተጠራ። ጥሪው በመጣ ማግስት ወንድምና እህት በጥገና ሱቃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ሸክላው ላይ የሚጻፈው ስም ያንቺ ነው። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤» አለ፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሁልጊዜም እንደ ጮኸ ነው።

ከንፈሯን እንዲያይ አገጩን ይዛ ወደ ፊቷ መለሰችው። «ቀስ በል። መንገደኛው ሁሉ ሰማህ።»

«ይስማ። የዚያን ቀን መጋረጃ የለም። ጠጋኙም፣ ተጫዋቹም እሷ ናት እላለሁ።»

«እኔ ሌላ አልጠይቅህም። መድረኩንም፣ ጭብጨባውንም ውሰደው። ያቺ መሃሉ ላይ የምትለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ግን ስሜ ይውጣ። ሞቼም ቢሆን እጄን የሚያውቅልኝ ይኑር።»

«በአባታችን አጥንት፤» አለ።

ለሸክላው የተዘጋጀው ክፍል ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ሲሆን፣ በመሃሉ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ቆሞ ነበር። የጣቢያው ሹም ሻለቃ ነው፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ ለስላሳ። ሸክላ ቀራጩ ግን ሸሚዙን ጠቅልሎ የሚሠራ፣ ከሥራው በቀር ለምንም ግድ የሌለው ሰው ነበር። ወንድምና እህት አብረው ጀመሩ፤ መርፌው ድምፁ የሚታተምበትን ሰም ገና መቅረጽ ሲጀምር ቀራጩ እጁን አነሣ።

«ምንድነው ቀጭ ቀጭ የሚለው?»

የባዶው ሣጥን ቁልፎች ነበሩ። በአዳራሹ ጫጫታ መሃል ማንም ያልሰማቸውን ማይክሮፎኑ ሰማቸው። ቀራጩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አንተ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ፤ እመቤት፣ እርስዎ ወደዚህ ይጠጉ፤» አለ። ሌላ ሰም ተደረገ። ጣተ ወርቅ ጥግ ላይ እጁን አጣጥፎ፣ እህቱ ከማይክሮፎኑ ፊት ተጫወተች፤ ሻለቃውም፣ ሁለቱ ጸሐፊዎቹም፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ቆመው አዩ።

ሲያበቃ ወንድምየው ተነሣ። ቃሉን አልበላም። ኒሻኑን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ብርድ ልብሱ እንኳ ሊያፍነው በማይችል ድምፅ፣ «ክቡር ሻለቃ፣ እስከ ዛሬ የተጫወተችው እህቴ ናት። የኔ ሣጥን ባዶ ነው። ስሟ ይጻፍ፤» አለ።

ሻለቃው ኒሻኑን አንሥቶ መልሶ ደረቱ ላይ ሰካለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ከዚያ ፊቱን ከሱ መልሶ፣ ከንፈሩ በማይታይበት አኳኋን ለእህቲቱ ተናገረ።

«እመቤት፣ ወንድምዎ ያሉትን እኔ አልሰማሁም። እናንተስ?» ወደ ጸሐፊዎቹ ዞረ።

«አልሰማንም፤» አሉ ሁለቱም።

«ሸክላው የሚሸጠው ለጦር ጉዳተኞች መርጃ ነው። ጀግናው ሕዝቡን ሲያታልል ኖረ ከተባለ ነገ በየመንገዱ ክራንች ይዞ የሚሄደው ሁሉ መሣቂያ ይሆናል። ወንድምዎም አታላይ ተብለው ይከሰሳሉ። ይህንን ይፈልጋሉ?»

«ስሜን ነው የምፈልገው።»

«የትልቅ ሰው እህት ነዎት፤ ይህም ትንሽ ክብር አይደለም።»

ወንድሟ ከሻለቃው ጀርባ ሆኖ ከንፈሯን ይጠብቃል። ምን አሉ፣ እሺ አሉ ወይ፣ በሚል ዐይን። ምን ትበለው። ቢያውቅ ይጮኻል፤ ቢጮኽ እስር ቤት አለ፤ ቢታሰር እናታቸው ያለ ጧሪ ይቀራሉ። ከንፈሯን ዘጋች። ፎቶግራፍ አንሺው፣ «ያንን ወንበር አንሡልኝ፤» አለ፤ ወንበሩ የሷ ነበር። ጣተ ወርቅ ባዶውን ሣጥን ታቅፎ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆመ።

ሸክላው ሲወጣ ክቡ ወረቀት ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነበር። ወንድሟ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያች ቀን ወዲያ በእህቱ ፊት አኮርዲዮን አላነሣም። ዜማው ግን በየማለዳው ከየመስኮቱ ይወርዳል፤ የሰማው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲሆን ያልሰማው ጣተ ወርቅ ብቻ ነበር። እሷ ሱቋን ስትከፍት ይጀምራል፤ ወናፍ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ እያንጎራጎረው ይገባል። አንድ ቀን ለአንዱ ወጣት ተጫዋች፣ «ይሄ የኔ እጅ ነው፤» አለችው። ልጁ ሣቀ፤ ክፋት አልነበረውም። «እትዬ፣ የኔም አክስት እንደዚያው ትላለች።»

ዓመታት አለፉ፤ ጣተ ወርቅ በክብር ተቀበረ፤ መድፍ ተተኮሰለት። በኋላ ያገባት ሚስቱ የሚያብረቀርቀውን አኮርዲዮን ለሙዚየም ሰጠች፤ እቤቷ ያለው እሱ ነበርና። ጸጉሯ የሸበተው እህት ያቺን የጨርቅ ከረጢት በጉያዋ ይዛ ወደ ሙዚየሙ ሄደች። ሣጥኑ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሥሩ፣ «ሕዝብን ያስጨፈረው አኮርዲዮን» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ልጄ፣» አለችው ጠባቂውን፣ «ይሄ አይጮህም። ምላሱ እኔ ጋ ነው። ክፈተውና ላሳይህ።»

«እማማ፣ የሙዚየም ዕቃ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጮኸው?» አለ ጠባቂው በትሕትና። «ደግሞ መስታወቱን አይንኩብኝ፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ከረጢቷን ጉያዋ መልሳ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ እርሷ የተጻፈ ነገር የለም፤ አሮጌው አኮርዲዮን ማን ጋ እንደ ደረሰ፣ ምላሶቹም የት እንደ ወደቁ የሚናገር አልተገኘም። ታሪክ ሣጥኑን አስቀምጧል፤ ኮቱንና ኒሻኑን አስቀምጧል፤ ሻለቃውንም በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ አስቀምጧል። ዛሬም አዲስ አኮርዲዮን የገዛ ወጣት ሁሉ፣ ወናፉ ምንም ሳይጎድለው፣ ትንፋሹን እየቆራረጠ አጭር አጭር ይስበዋል። የጣተ ወርቅ አሳሳብ ይሉታል። ቀድሞ የተቀደደ ወናፍ እንደ ነበረ፣ ማን ታቅፎት እንደ ነበረም የሚጠይቅ የለም።