ክዳኑ ሳይዘጋ

የፓሬሁያ ሬሳ በክፍት ሣጥን በወሽመጡ መሰብሰቢያ አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሣጥኑ ክዳን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ታላቅ እኅቷ እማማ ሁሪያ ከራስጌዋ ተቀምጠው አንድ ቃል ብቻ ይዘዋል፤ «በመጨረሻ ከማን ጋር እንደነበረች ሳላውቅ አልዘጋባትም።» ቀብሩ ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው። በዚህ ወሽመጥ የቀብር ቀን አይገፋም፤ የሰማንያ ሁለት ዓመቷ እማማ ሁሪያም ካሉ አሉ ናቸው።

ሪፔካን ያስጠሯትም እሳቸው ናቸው። የወሽመጡ ተወላጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ወንጀል መርምራ ጡረታ ወጥታለች። ከመኪናዋ ስትወርድ ለማልቀስ ሞክራ ነበር፤ እንባ ግን አልመጣም። ብዙ ሬሳ ያየ ዓይን ይደርቃል።

«የከተማው ፖሊስ ወድቃ ነው ይላል» አሏት እማማ ሁሪያ። «ጭንቅላቷ የምድጃው ጠርዝ ላይ አርፎ። ወድቃ ከሆነ፣ ሁለት ክንዶቿ ላይ ያለው የጣት ምልክት ከየት መጣ? ያለበስኳት እኔ ነኝ እኮ ልጄ።»

«ሰዉስ ምን ይላል?»

«ሰዉማ ያንን ባለካሜራ ይላል። እንግዳ ሰው በመካከላችን ስላለ ሌላ ማሰብ አላስፈለገንም።»

ሪፔካ በአገሩ የስንብት ወግ ግንባሯንና አፍንጫዋን ከሟቿ ግንባርና አፍንጫ ጋር አገናኝታ ወጣች። ከአዳራሹ አጥር በር ስትደርስ ከቧንቧው ውኃ በእፍኟ ተቀብላ እጇንና ራሷን ረጨች፤ አስባው አይደለም። ከዚያ ባለካሜራውን ፍለጋ ሄደች።

ዱጋል ከመመገቢያው ቤት ጥግ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ቅዳሜ ዕለት የወሽመጡ ሴቶች የሙዚቃ ፌስቲቫል በኢንተርኔት ሲተላለፍ ስርጭቱን የመራው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች በየቤታቸው ሆነው ሲዘፍኑ ሦስት ሺህ ሰው ይከታተል ነበር። ነገሩን ያሰበችውም፣ በዘጠኝ ሰዓት በመጨረሻው ዘፈን ልትዘጋው የነበረችውም ፓሬሁያ ናት።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሯን አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ተኝታለች ብዬ ተመለስኩ። ተራዋ ሲደርስ ግን ገባሁ… የቀረውን ያውቁታል።»

«ሰዉ በረንዳው ላይ አምስት ደቂቃ ቆየ ይልሃል፤ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ገመድ ሳስተካክል። ግን ማን ያምነኛል? ትናንት ሻይ ሲታደል እኔን ዘለሉኝ።»

«እኔ ገና ማንንም አላመንኩም፣ ማንንም አልጠረጠርኩም። ካሜራህ ምን አየ?»

በአንዷና በሌላዋ ዘፋኝ መካከል ባሕሩን እንዲያሳይ በፓሬሁያ በረንዳ ላይ ካሜራ ተተክሎ ነበር። የአጥሩን በርና በጎኑ ያለውን ቧንቧም ያሳያል፤ የቤቱን በር ግን አያሳይም። ከእኩለ ቀን በኋላ በአጥሩ በር ያለፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኦሊቭ፣ ማኬሬና ዱጋል።

ኦሊቭ ወጥ ቤት ስኳር ድንች እየላጠች ነበር። ከፓሬሁያ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈች ዘፋኝ ናት።

«ልግደላት ብል ኖሮ ያኔ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ያኔ ጉልበቱም ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«ማን ይዝጋው ብለን ልንጨቃጨቅ ነዋ! ፀጉሯን እያበጠረች አገኘኋት። ‹ነይ፣ አብረን እንዝጋው› አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፍኩት ሴትዮ! ከዚያ እማማ ሁሪያ ቤት ሄጄ ዓሣ በላሁ። እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።» ቢላዋዋ ቆመ። «በምን ዘፈን ልትዘጋ እንደነበር ሰምተሻል? ‹በትንሿ›።»

ሪፔካ ዘፈኑን ታውቀዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የማኬሬን ሴት ልጅ ባሕር ሲወስዳት ፓሬሁያ የሠራችው ሙሾ ነው። የተዘፈነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጅቷ መቃብር አፍ ላይ ነው።

የሟቿ የወንድም ልጅ ማኬሬ የኀዘን ቅጠል ጉንጉን ራሷ ላይ አድርጋ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«ወንበሯ ላይ ተኝታ ተውኳት እትዬ ሪፔካ። ጊታር ልዋስ ነበር የሄድኩት።»

«ወሰድሽ?»

«ተኝታ ነበር አልኩሽ እኮ።»

ደጅ ላይ የማኬሬ ሌላዋ ልጅ ሕፃን ታቅፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ለምን አትገባም?»

«ስድስት ሳምንቱ ነው» አለች ማኬሬ። «ሬሳ ወዳለበት አይገባም።»

ሪፔካ ተመልሳ ከዱጋል ጋር ምስሉን አየች። ኦሊቭ ስድስት ሰዓት ከአምስት ገብታ ከሩብ ሰዓት በኋላ እጇን እያወዛወዘች ወጣች። ማኬሬ ስድስት ተኩል ላይ ገባች፤ በሩብ ሰዓቷ ወጣች፤ በሩን አለፈች። ቆመች። ተመልሳ ቧንቧው ላይ ጎንበስ አለች።

«ሙቀት ነበር» አለ ዱጋል።

«ይሆናል። እስቲ የዘፈነችበትን አሳየኝ።»

ሰባት ሰዓት ላይ ማኬሬ ከቤቷ ሆና ትዘፍናለች። ቀሚሷ ተተኩሷል፣ ከንፈሯ ተቀብቷል፤ ፀጉሯ ግን ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከሥር ተመልካቾች «ከባሕር የወጣች ቆንጆ!» እያሉ ጽፈዋል። ሪፔካ አራት ጊዜ አየችው። ማኬሬን በሕፃንነቷ አዝላታለች፤ መደንገጥ ነበረባት፤ አልደነገጠችም።

በማግሥቱ፣ ለእኩለ ቀን አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉም በሣጥኑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። በዚህ ቤት ንግግር ለሟች ነው የሚደረገው። ሪፔካ ከግርጌ ቆመች።

«እትዬ ፓሬሁያ፣ ስሚኝ። ዱጋልን ጠረጠርነው፤ በረንዳሽ ላይ ቆይቷልና። እሱ ሲያንኳኳ ግን አንቺ በሕይወት አልነበርሽም። ኦሊቭን ጠረጠርናት፤ ኩርፊያችሁን አገር ያውቀዋልና። ኦሊቭ ግን ቧንቧውን ሳትነካ አልፋ ሰው ቤት ገበታ ቀረበች። ኦሊቭ ሬሳ አጠገብ ቆይታ ሳትታጠብ እህል ትቀምሳለች?»

«ሞቼ እገኛለሁ!» አለች ኦሊቭ።

«ከሬሳ ፊት የወጣ ሰው ውኃ ሳይነካ ወደ ሕያዋን አይመለስም። ማኬሬ ከቤትሽ ወጥታ፣ በሩን አልፋ፣ ተመለሰችና ታጠበች። ሩብ ሰዓት ቆይታ ሦስት ሺህ ሰው ፊት ትቀርባለች። ለዚያ ያበጠረችውን ፀጉር ለሙቀት ብላ አታርስም። ‹ተኝታ ተውኳት› አለች፤ ውኃው ግን ሞታ ተውኳት ይላል። ሞተሽ አግኝታሽ ቢሆን ደግሞ ጩኸቷን ወሽመጡ ሁሉ ይሰማው ነበር።»

ማኬሬ ጉንጉኗን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሪፔካን አላየቻትም፤ የምታየው ሟቿን ነው።

«አክስቴ፣ ‹ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ነኝ› አልሽኝ። አዎ፣ አንቺ ነሽ። ልጅቷን የወለድኳት ግን እኔ ነኝ። ሰው መክሰሱን እያላመጠ እንዲሰማት አልፈለግኩም። ክንድሽን ይዤ ለመንኩሽ። ‹እንዳትረሳ ብዬ ነው› አልሽኝ። እኔ ረስቻት አውቃለሁ? ገፋሁሽ። ሄጄ ዘፈንኩ። ምን እንደዘፈንኩ አላውቅም።»

«ሳትታጠቢ ብትሄጂ ማንም አያውቅብሽም ነበር» አለች ሪፔካ።

«ቤት ሕፃን አለ እትዬ። ሞትን ይዤበት ልግባ?»

ኦሊቭ ተነሥታ ወጣች፤ ስትመለስ የያዘችውን ሻይ ዱጋል እጅ ላይ አስቀመጠችለት። እማማ ሁሪያ ግን ክዳኑ እንዲዘጋ ገና አላዘዙም።

«አሁን ካሜራ የለም» አሉ። «ዝፈኚላት።»

ማኬሬ ዘፈነች፤ ‹ትንሿ› በዓለም ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰማች፤ እስከ መጨረሻው፣ ያለ እንባ። ከዚያ ክዳኑ ተዘጋ።

ከቀብሩ መልስ ሪፔካ የጠራቻቸው ፖሊሶች መኪናቸውን አስነሥተው ጠበቋት። ማኬሬ ከአዳራሹ አጥር በር ስትደርስ ቧንቧውን ከፍታ እጇን ታጠበች፣ ራሷን ረጨች፤ በደንብ፣ ደጋግማ። ከዚያ እርጥብ እጆቿን ወደ ሕፃኑ ዘረጋች። ልጇ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሪፔካ ቧንቧውን ዘግታ የመኪናውን በር ከፈተችላት።