ስቴይኒ ጣቶቹን አጥፎ የዘመረው መዝሙር

ልጆች፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ነገር ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። የዓለም ጦርነቱ ካበቃ ሦስተኛው ዓመት ይሁን አራተኛው እርግጠኛ አይደለሁም። ሰዎቹ የተናገሩትንም ቃል በቃል ላልደግመው እችላለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በሉኝ። የጫማውን ነገር ግን አልረሳሁም። እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ልጁ ስቴይኒ ይባላል። ዕድሜው አሥራ አንድ ነበር። ቤታቸው በካናዳ፣ በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣ ሳንድቪክ በምትባለው መንደራችን፣ ከጀልባ ማቆሚያው ሦስተኛው ነበር። አራተኛው ሳይሆን አይቀርም። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ስቴይኒ ክፉ ልጅ አልነበረም። ሳቂታ ነው፤ መዝሙርም ይወዳል። ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ ሌላ አይታየውም። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ለእኔ ሳይሆን ለራሳችሁ መልሱ።

በእኛ መንደር ለልጅ አዲስ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሚገዛ ሰው አልነበረም። እግር በየዓመቱ ያድጋላ! ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሊረጋ ሲል፣ ሁላችንም የጠበበንን ጫማ ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እንወርዳለን። ጫማዎቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ዕጣ ይወጣል፣ በዕጣው ተራ እንመርጣለን። የምድር ቤቱ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ የቆዳ፣ የዓሣ ዘይትና የእርጥብ ካልሲ ሽታ።

የሚያስለኩን አባባ ቶርላክ ነበሩ። ጫማና የፈረስ ዕቃ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታችን ይንበረከኩና ማሰሪያውን ራሳቸው ያጠብቁታል። ከዚያ እንጨት ላይ ያቆሙናል፤ ከጫማው ሥር ያለው የብረት ስለት እንዳይበላሽ ነው።

«ቁም። ጣትህ ጫፉን ነካ?» ይላሉ።

«ነካ፣ አባባ።»

«ጉልበትህን እጠፍ። አሁንስ ጣትህ ተላቀቀ?»

«ተላቀቀ።»

«ተረከዝህ ይነሳል?»

«አይነሳም።»

«እንግዲያው ዘምር!»

አዎ፣ ልጆች፣ ዘምር ነው የሚሉት። ጫማውን እንዳደረግን የምስጋናውን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዘመር አለብን። «ልክ የሆነ ጫማ ይረሳል። መዝሙሩ ሳያልቅ እግርህን ከረሳኸው ጫማው ያንተ ነው» ይሉ ነበር። የጫማው ጫፍ እንደ እንጨት የጠነከረ ስለሆነ ከውጭ ተጭኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ውስጡን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ልጁና እግዚአብሔር።

ጫማ የወሰደ ልጅ በጫማው ምላስ ላይ ስሙን በቀለም ይጽፋል። ጫማ ያልደረሰው ደግሞ የሱፍ ቡቱን አድርጎ በረኛ ይሆናል። በበረዶ ላይ በዱላ የምንጫወተው ሆኪ ሜዳው ሐይቁ ነበር። የምንመታውም ብዙ ጊዜ የደረቀ የፈረስ ፋንድያ ነበር። አትሳቁ! ብርድ ሲመታው እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ይህን በደንብ የምታውቀው ሎአ ነበረች።

ሎአ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልኳ የሆነ ጫማ አልተገኘም። ሁለት ዓመት ሙሉ በረኛ ሆና ቆማለች። እኛ እንበርራለን፣ እሷ ከብርዱ የተነሳ እግሯን በረዶው ላይ እየመታች ታየናለች። በዚያ ቅዳሜ ፀጉሯን በሁለት ተሠርታ፣ ንጹሕ ካልሲ አድርጋ፣ ከሁላችንም ቀድማ መጣች።

በጠረጴዛው ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር። ከከተማ የመጣ ነው። ቆዳው ጥቁር፣ ጫፉ ቡናማ፣ ስለቱ እንደ መስተዋት። ምላሱ ላይ ገና ስም አልተጻፈበትም። ሎአ ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም። መጠኑም በግምት የእሷ ነበር።

ዕጣው ግን ስቴይኒን አስቀደመው። የእሱ የድሮ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ተጥሏል። ሌሎቹን ጫማዎች ዞር ብሎ እንኳ አላየም። በቀጥታ የሚያብረቀርቀውን አነሳ።

አባባ ቶርላክ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «ትንሽ አይመስልህም?»

«ኧረ ልኬ ነው፣ አባባ!»

እግሩ በግድ ገባ። ጣቶቹ አልተዘረጉም፤ ስቴይኒ ወደ ውስጥ አጠፋቸው።

«ጣትህ ነካ?»

«ትንሽ ነካ።»

«ጉልበትህን ስታጥፍስ ተላቀቀ?»

«ተላቀቀ» አለ ስቴይኒ። አልተላቀቀም ነበር።

«ዘምር።»

ስቴይኒ ዘመረ። ያን ያህል ጮኾ ዘምሮ አያውቅም። ግንባሩን አላበው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ድምፁ ከልክ በላይ መጉላቱን ሰምቼ ዝም አልኩ። ያ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። መዝሙሩ አለቀ፣ ስቴይኒም ስሙን በምላሱ ላይ በትልቁ ጻፈ።

የሎአ ተራ ሲደርስ የቀሩት ጫማዎች ሁሉ ሰፊ ነበሩ። ተረከዟ ከፍ ዝቅ አለ።

«አባባ፣ ሁለት ካልሲ ብደርብስ?»

«ካልሲ ጫማ አይሆንም፣ የኔ ልጅ። ቁርጭምጭሚትሽን ልስበርልሽ?»

«ሦስት ብደርብስ?»

ሁሉም ሳቀ። ሎአም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። 

ሐይቁ ረጋ። ስቴይኒ ወደ በረዶው ወጣ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ቁጭ። ሌላ ቀን አንድ ዙር፣ ከዚያ ቁጭ።

«ስቴይኒ፣ እንቁላል ላይ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለው የአጎቱ ልጅ ጉናር። «እንደ ዳክዬ ሆነሃል እኮ!»

«ዝም በል! ስለቱ አልተሳለም እንጂ ጫማው ምንም አይለው።»

ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ጣቶቹ ደምተው ነበር። እናቱ እንዳያዩበት ካልሲውን ራሱ ያጥባል። አያችሁ፣ ልጆች? የመጀመሪያው ውሸት ብቻውን አልቀረም።

በመጨረሻ ጉናር መከረው። «ውኃ ውስጥ ንከረው። ከዚያ ምድጃው አጠገብ አድርቀው። ይሰፋልሃል።»

ቆዳና ምድጃ እንዳይገናኙ አባባ ቶርላክ በየዓመቱ ይነግሩን ነበር። ስቴይኒ ይህን ያውቃል። ግን እግሩ አሞታል። እናቱ ላም ሊያልቡ ሲወጡ ጫማውን ነክሮ ከብረት ምድጃው ሥር አስቀመጠው። ወጣ ብሎ ሲመለስ ጫማው እንደ ጣውላ ደርቆ አገኘው። ጭራሽ ጠቧል። በአንድ ጎኑም ቆዳው ተሰንጥቋል። አሁን ለእሱም ለማንም አይሆንም።

ጫማውን ከማገዶው ክምር ኋላ ደበቀው። «እግሬን ወለም ብሎኛል» አለና ከቤት ቀረ።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ሎአ ናት። ስኳር ተነስንሶበት የተጠቀለለ ስስ ቂጣ በሳህን ይዛለች። አፍንጫዋ ላይ የበለዘ እብጠት አለ።

«እናቴ ልካልህ ነው። እግርህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አፍንጫሽ ምን ሆነ?»

«ፋንድያው መታኝ። ግን አላስገባሁትም!» አለች በኩራት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስቴይኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? ያ ጫማ ምን ይመስላል? ማለቴ፣ ልክ ሲሆን። አባባ እግራችሁን ትረሳላችሁ የሚሉት እውነት ነው? እንዲያው ማወቅ ፈልጌ ነው።»

  ስቴይኒም ይህን አያውቀውም። ከሎአ ላይ ወስዶ፣ እሱም ሳያገኘው፣ ጫማውን አበላሽቶታል። ቂጣውን ጎረሰ።

ሎአ እንደ ሄደች ጫማውን ከማገዶው ኋላ አወጣ። እያነከሰ ወደ አባባ ቶርላክ ሱቅ ሄደ። ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ።

ሽማግሌው ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። «ምድጃ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በመዝሙሩ ጊዜ ጣትህን ምን አደረግኸው?»

ስቴይኒ አለቀሰ። «አጠፍኩት። ዋሸሁዎት።»

«ጠርጥሬ ነበር። በሬ እንኳ እንዲያ አይጮኽም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

አባባ ቶርላክ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ጫማ ውስጥ አልገባም። እጠይቃለሁ፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። እናንተን ማመን ካቆምኩ በምን ልለካችሁ ነው?»

ስቴይኒ አንገቱን ደፋ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቡራኬ እንኳ እንዲያ አንገቱን ደፍቶ አያውቅም።

«ጫማው ይድናል?» አለ።

«ላይድንም ይችላል። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣህ ዘይት ቀባው። በጣትህ እንጂ በጨርቅ አይደለም። መጀመሪያ ግን ለሎአ ንገራት። ያ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ስቴይኒ ነገራት። ሎአ ሰምታ እንደ ጨረሰች በጓንቷ ደረቱን መታችው።

«ሁለት ዓመት! ይኸው ሦስተኛዬ! ይህን አፍንጫ ያሳበጥከው አንተ ነህ! ቂጣዬንም በልተሃል!»

«አዎ» አለ ስቴይኒ። «ከዛሬ ጀምሮ በረኛ እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ።»

ዘይቱ የዓሣ ጉበት ዘይት ነበር። ስቴይኒ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሁላችንም አፍንጫችንን እንይዝ ነበር። «ሐይቁ መጣ!» ይላል ጉናር። ስቴይኒ ግን አንድ ቀን አላቋረጠም። አባባ ቶርላክ ጫማው ውስጥ ቆዳውን የሚወጥር የእንጨት ቃሊብ ከተቱ። ስንጥቁን በሰም በተቀባ ክር ሰፉት። ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ቆዳው ለሰለሰ።

ስቴይኒ በምላሱ ላይ የጻፈውን ስሙን በቢላ ሊፍቀው ፈለገ። አባባ ቶርላክ እጁን ያዙት። «ተወው። አድርገኸዋል፣ ስምህ ይቆያል። እሷ ከሥር ትጻፍ።»

ሎአ ወደ ሱቁ መጥታ ተቀመጠች። ማሰሪያው ጠበቀ። ጣቷ ነካ፤ ጉልበቷን ስታጥፍ ተላቀቀ። ተረከዟ አልተነሳም።

«ዘምሪ።»

ሎአ መዘመር ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እጆቿን ዘረጋች። ሦስተኛው ላይ በእንጨቱ ላይ ወዲያና ወዲህ መሄድ ጀመረች። እግሯን ረስታዋለች! እንጨቱ ሲያልቅ አላየችም፤ አባባ ቶርላክ ላይ ወደቀች። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐይቁ ላይ ስትወጣ እኛ ሁላችን ቆመን አየናት። ስቴይኒም በሱፍ ቡቱ በሩ ላይ ቆሞ አያት፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያውን ጎል ያገባችበትም እሷ ናት።

ስቴይኒ ቃሉን ጠበቀ። ሐይቁ ሊቀልጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባባ ቶርላክ ጠርተው አንድ ጫማ ሰጡት። አስቀያሚ ነበር። ሦስት ቦታ ተጥፏል፣ ማሰሪያውም ሁለት ዓይነት ነው። ስቴይኒ እግሩን ከተተ። ቆመ፣ ጉልበቱን አጠፈ፤ ጣቱ ተላቀቀ።

«አባባ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«በዚያ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሚያብረቀርቀው አጠገብ።»

በዚያ ቀን ስቴይኒ መዝሙሩን የዘመረው በቀስታ ነበር።

እኔ ጎልማሳ ሆኜ ከመንደሩ ወጣሁ። አባባ ቶርላክ አርፈዋል። ስለ ስቴይኒ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በአንድ የኅዳር ሐሙስ ነው፤ ሎአ ደብዳቤ ጽፋልኝ። ያ ጫማ አሁንም እንዳለ፣ በምላሱ ላይ አሥራ ሁለት ስሞች እንዳሉ፣ የመጀመሪያው በትልቁ የተጻፈው እንደሆነ ነገረችኝ። ምድር ቤቱ ውስጥ ከልጆቹ ፊት የሚንበረከከው አሁን ስቴይኒ ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ጉልበቱም ያመዋል። የሎአ የልጅ ልጅ ጮኽ ብሎ መዘመር ሲጀምር ስቴይኒ አስቆመው አሉ። ቀና ብሎ አየውና በቀስታ ጠየቀው፤ «የኔ ልጅ፣ ጣትህን አጥፈሃል እንዴ? ንገረኝ፣ አልቆጣህም። እኔም አጥፌ ነበር።»

ልጆች፣ ማንም በማያይበት በጫማችን ውስጥ እንኳ እውነት እንናገር፤ ያልሆነልንን ስንለቅ ለሌላው ይሆናል፣ ለእኛም ልካችን ይገኛል።