ሚጡ በማይክሮስኮፕ ያየችው እንስሳ

ልጆችዬ፣ ተጠጋጉና ተቀመጡ። እናንተ ጥግ ላይ የምትገፋፉትም አይቻችኋለሁ። ዛሬ ስለ ሚጡ ነው የማወራችሁ።

ሚጡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአባቷ ልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ መኝታ ቤት ይሰማል። ኩኩ የምትባል የሰባት ዓመት እህት አለቻት። ሁለቱ የሚተኙት በአንድ አልጋ ነው። ብርድ ልብሱን ማን እንደሚጎትት አትጠይቁኝ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ የእግዚአብሔርን ፍጥረት በትዕግሥት ስለመረመሩ ሰዎች ስታስተምራቸው ከርማለች። በገዳም አትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ ዘር ከወላጁ ምን እንደሚወርስ ያጠና አንድ መነኩሴ ነበር። የልፋቱ ዋጋ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ትል ከጭቃ ይፈጠራል ባለበት ዘመን ደግሞ፣ አባጨጓሬ እያሳደገች ቢራቢሮ እስኪሆን ድረስ የሳለች ሴት ነበረች። ሚጡ ግን ከሁሉም የወደደችው የጨርቅ ነጋዴውን ነው። ይህ ሰው በገዛ እጁ ትንንሽ ማጉያ መስታወት እየሠራ፣ በውሃ ጠብታ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እንስሳትን አየ። የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለች? የጨርቅ ሰው ሲባል ደስ አላት። ሰንበት ትምህርት ቤቱ በሚያዘጋጀው የወላጆች ቀን የእሱን ታሪክ መናገር በጣም አማራት።

አንድ እሑድ በላቦራቶሪ የምትሠራው ጎረቤታቸው ማይክሮስኮፕ ይዛ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ መጣች። ልጆቹ እትዬ ነው የሚሏት። እትዬ ከኩሬ የተቀዳ ውሃ በስስ መስታወት ላይ ጠብ አደረገችና ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ አዩ።

"ኧረ ይሮጣል!"

"ጭራ አለው፣ ጭራ!"

ሚጡና ኩኩ የመጨረሻዎቹ ነበሩ። ሚጡ ተራዋ ሲደርስ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች። የሚሮጥ ነገር የለም። ጭራም የለም። የሚታያት ጥቁርና ቀጫጭን ነገር ብቻ ነው።

"አየሽ?" አለቻት መምህሯ።

ሁሉም አይቶ እኔ ብቻ እንዴት አላየሁም እላለሁ? አለች ሚጡ በልቧ። አፈረች።

"አየሁ! ጥቁር ነው! ረጃጅም እግሮች አሉት! ኧረ መጣ፣ ሊበላኝ ነው!"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ኩኩ ተራዋን ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ቆየች።

"እኔ ምንም አይታየኝም" አለች።

"ዓይንሽን ግለጪያ!" አለቻት ሚጡ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ሚጡም ሳቀች። አዎ፣ በገዛ እህቷ።

መምህሯ ሚጡን ትከሻዋን ቸብ አድርጋ፣ "አነጋገርሽ ደስ ይላል። የጨርቅ ነጋዴውን ታሪክ የምትነግሪን አንቺ ነሽ" አለቻት።

ሐሙስ ዕለት ኩኩ አባቷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና መደርደሪያው ላይ ያሉትን ክሮች ታያለች። ከዚያ ሌላኛውን ትሸፍናለች።

"አባዬ፣ ሰው ሲታወር ያመዋል?"

አባቷ የስፌት መኪናውን አቆመ። "ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት?"

"ሁሉም ያዩትን እኔ አላየሁም። ሚጡም እኮ አይታለች።"

እናታቸው ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። ኩኩን ወደ መስኮቱ ወስዳ ዓይኗን ገልጣ አየች። "ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች።

ሚጡ መጋረጃው ጋ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ጆሮዋ ጋለ። "እኔም አላየሁም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን ለወላጆች ቀን የሚሰፋላት ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ታሪኩን ለሌላ ልጅ ይሰጡብኛል ብላ ፈርታ መጋረጃውን ዘጋችው። እናንተም እንዲህ ሆናችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እጅ አውጡ ግን አልልም።

እሑድ የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ሚጡ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ወጣችና ጀመረች። "ነጋዴው ያየውን ሲናገር ሰዎች ተጠራጠሩት። እሱም የከተማውን ሰዎች ጠርቶ፣ ኑና እዩ፣ ያያችሁትንም መስክሩ አላቸው..."

ከፊት ወንበር ኩኩ ተቀምጣለች። የአባቷን አሮጌ መነጽር አድርጋለች። ስለሰፋት ከኋላ በክር ታስሯል። እህቷን አጥርታ ለማየት አንገቷን አስግጋ ነበር።

ሚጡ ታሪኩን አቋረጠች። ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ። መምህሯ "ቀጥዪ እንጂ" አለቻት በሹክሹክታ።

"እኔ አላየሁም!" አለች ሚጡ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። "ዋሽቼ ነው። እውነቱን የተናገረችው ኩኩ ናት። ኩኩዬ አልታመመችም!"

እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ያ ጥቁር ነገር፣ ዓይንሽን ስታርገበግቢ አብሮሽ ይርገበገብ ነበር?"

"አዎ..."

"የራስሽ ሽፋሽፍት ነዋ! በጣም ተጠግተሽ ነው። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ጠብታው ደርቆ ኖሯል። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።"

አዳራሹ ሳቀ። ሚጡ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኩኩ ግን አልሳቀችም። መነጽሩን ቀስ ብላ አወለቀች።

"እና ዓይኔ ደህና ነው?" አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። እናታቸው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሚጡ ከመድረኩ ወርዳ እህቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። "ይቅር በይኝ፣ ኩኩዬ" አለች። በልቧም እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀች።

እትዬ ለወላጆች ልታሳይ ባመጣችው ማይክሮስኮፕ ላይ አዲስ ጠብታ አዘጋጀች። በመጀመሪያ ያየችው ኩኩ ናት።

"የለም" አለች። "አሁንም የለም... ቆይ... አለ! ይዋኛል! አረንጓዴ ነው!"

ማንም ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቃትም።

ሚጡ ወዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ አለች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"ገና አልታየኝም" አለች።

"ትንሽ ወደ ኋላ በይ፣ እቴ። እኔ እጠብቅሻለሁ" አለች ኩኩ፣ እጇንም ያዘችላት።

ልጆችዬ፣ ያላያችሁትን አየሁ አትበሉ፤ ውሸታችሁ እውነት የተናገረውን ሰው የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር ያደርገዋልና።